አንድ ጨረቃ፣ ሁለት ኢድ፦ የሃይማኖት በዓላት ቀን ለምን አያስማማም?

ማርች 29 ቀን 2025 ፀሐይ በከፊል ተጋረደች። አውሮፓና ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ያሉ ሰዎች አይተውታል። የዚያኑ ዕለት ማታ ሳዑዲ ዓረቢያ ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣው የሸዋል ወር ጨረቃ ታይታለች፣ ኢድ አልፈጥር ነገ እሑድ ነው ብላ አወጀች። ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ኦማንና ሌሎችም የለም፣ ሰኞ ነው አሉ። ከዚያ የተለመደው ንትርክ ተነሣ። ፀሐይ በተጋረደችበት ቀን አዲስ ጨረቃ እንዴት ትታያለች? ማነው ትክክል? የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አብረው ጾመው አብረው መፍታት እንዴት ያቅታቸዋል?

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተቃራኒው ሆነ። ኤፕሪል 20 ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ኦርቶዶክሱም ትንሣኤን በአንድ ቀን አከበረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ምዕራቡ ማርች 31፣ ምሥራቁ ሜይ 5 ነበር ያከበረው፤ የአምስት ሳምንት ልዩነት። አሁንም ጥያቄው መጣ፦ ዘንድሮ ከተቻለ ሁልጊዜ ለምን አይቻልም?

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «በዚህ ዘመን ጨረቃን መቁጠር ያቃታቸው ሃይማኖተኞች ናቸው» የሚል ነው። ሁለተኛው «የእኛ ትክክል፣ የእነሱ ስህተት» የሚል። ሁለቱም ነገሩን ስተውታል ባይ ነኝ። የሰማዩ ሒሳብ ከተሠራ ቆይቷል። የጨረቃን መንገድ ለሚመጡት መቶ ዓመታት በደቂቃ ልክ መተንበይ ይቻላል። የቀረው ሦስት ጥያቄ ነው፦ የወሩ መጀመሪያ ምልክት ተብሎ የሚቆጠረው የቱ ነው? ማን ያውጀው? ከማን ጋርስ አብረን እናክብር? እነዚህን ቴሌስኮፕ አይመልሳቸውም።

እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨረቃና ፀሐይ አይገጥሙም

ጨረቃ ከአንድ ልደቷ እስከ ቀጣዩ ልደቷ በአማካይ 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። 12 ወር ሲሆን 354 ቀን ነው። ፀሐይን የሚከተለው ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። በመካከል 11 ቀን ያህል ይቀራል። የዚህ ሁሉ ክርክር መነሻ ይቺ 11 ቀን ናት።

ሃይማኖቶች በዚህች ትርፍ ላይ የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። እስልምና ጨረቃን ብቻ ያዘ። ቁርኣን ወራት አሥራ ሁለት እንደሆኑ ይናገራል፤ ከእስልምና በፊት ዓረቦች ወራትን የሚያዘዋውሩበትን ልማድም (ነሲእ ይባላል) ያወግዛል። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። አንድ ሰው በዕድሜው በረጅሙ የበጋ ቀንም በአጭሩ የክረምት ቀንም ይጾማል ማለት ነው።

አይሁዶች፣ ሂንዱዎችና ብዙ ቡድሂስቶች ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከሩ። ወራቱ በጨረቃ ይሄዳሉ፣ ትርፉ ሲጠራቀም ግን ተጨማሪ ወር ይገባል። ይህን የሚያቀለው አንድ ግሩም አጋጣሚ አለ፦ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ይገጥማል። ባቢሎናውያን ተጠቅመውበታል፤ በግሪክ ደግሞ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አስተዋወቀው፤ በስሙም የሜቶን ዑደት ይባላል። የአይሁድ አቆጣጠርም፣ ክርስቲያኖች ፋሲካን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብም የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ረመዳን፦ ማየት ወይስ ማስላት?

ወደ ማርች 29 እንመለስ። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ ነው። ያቺ ቅጽበት የጨረቃ ልደት ናት፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች አዲስ ጨረቃ የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ጨረቃ አትታይም፤ ወደ እኛ የዞረው ፊቷ ጨለማ ነው። ሒላል የምትባለው ቀጭን ጨረቃ ለዓይን እስክትበቃ ከፀሐይ ራቅ ማለት አለባት። ማርች 29 ማታ መካ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የጨረቃ ዕድሜ ከአምስት ሰዓት በታች ነበር። በጣም በጠራ ሰማይ፣ በጣም የሠለጠነ ዓይን እንኳ ከ15 ሰዓት በታች የሆነች ጨረቃ ለማየት እጅግ ይቸገራል። ባለሙያዎች አስቀድመው አትታይም ያሉት ለዚህ ነበር።

ታዲያ ሳዑዲ ዓረቢያ በምን ወሰነች? በምስክር። እዚያ ጉዳዩ የሚያልቀው በፍርድ ቤት ነው። የታመነ ሙስሊም ጨረቃን አየሁ ብሎ ሲመሰክርና ፍርድ ቤቱ ሲቀበለው ወሩ ይገባል። ከነቢዩ የተላለፈው ትእዛዝ ስታዩት ጹሙ፣ ስታዩት ፍቱ፣ ደመና ከጋረደው ወሩን 30 ሙሉ የሚል ነው። በዚህ አነባበብ ከሰው የሚጠበቀው ሰማዩን በደቂቃ ልክ ማወቅ ሳይሆን በቅን ልቦና መፈለግና ያገኙትን መከተል ነው። ምስክሩ ቢሳሳት እንኳ ያመነው ሕዝብ ጾምና በዓል አይበላሽም።

ሌሎች ሊቃውንት አንድ እርምጃ ወደ ስሌቱ ይጠጋሉ። ስሌት ወሩን ለማስገባት አይበቃም፣ የማይሆን ምስክርነትን ለመጣል ግን ይበቃል ይላሉ። ጨረቃ ከፀሐይ ቀድማ በጠለቀችበት ምሽት አየሁ የሚል ሰው ቢመጣ አይሰማም ማለት ነው። እኔ ይሄ አቋም ከሚገባው በታች ትኩረት ያገኘ ይመስለኛል። የማየቱን ሥርዓት ሳይነካ የስህተቱን ብዛት ይቀንሳል።

ሦስተኛዎቹ ሙሉ ለሙሉ ስሌት ይበቃል ባዮች ናቸው። ግብፃዊው የሐዲስ (ከነቢዩ የተላለፈ ቃልና ሥራ) ሊቅ አሕመድ ሻኪር በ1939 ይህን ተከራክረዋል። በሐዲስ እኛ የማንጽፍና የማናሰላ ሕዝብ ነን የሚል ቃል አለ። ስለዚህ ማየት የታዘዘው ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው፣ ሕዝቡ ማስላት ሲችል ምክንያቱ ይቀራል አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ያንኑ ሐዲስ ይዘው ይመልሳሉ፦ ቃሉ የሚያሳየው አምልኮ በተማረውም ባልተማረውም እጅ እንዲሆን፣ እረኛም ቀና ብሎ እንዲያውቀው መፈለጉን ነው። ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው። ቱርክ ዛሬ በስሌት ትሄዳለች፤ በ1978 ኢስታንቡል ላይ የተስማማችበት መለኪያ ጨረቃ ከአድማስ ቢያንስ 5 ዲግሪ ከፍ፣ ከፀሐይም 8 ዲግሪ ራቅ ማለት አለባት ይላል። የሰሜን አሜሪካ የፊቅህ ምክር ቤትም በ2006 ወደ ስሌት ገብቷል። ፊቅህ ማለት የእስልምና ሕግ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቦታ ነው። አንድ አገር የታየች ጨረቃ ለዓለም ሁሉ ትበቃለች ወይስ ለዚያ አካባቢ ብቻ? ይህም አዲስ አይደለም። ኩረይብ የሚባል ሰው ከሻም (የዛሬዋ ሶርያና አካባቢዋ) ወደ መዲና ሲመጣ፣ እዚያ ጨረቃዋን ዓርብ ማታ አይተናት ገዢው ሙዓዊያም ሕዝቡም ጾሙን ጀመሩ ብሎ የነቢዩ ባልደረባ ለነበሩት ለኢብን ዓባስ ነገራቸው። እኛ ያየናት ቅዳሜ ማታ ነው፣ 30 እስክንሞላ ወይም እስክናያት እንጾማለን አሉት። የሙዓዊያ ማየት አይበቃዎትም? ቢላቸው አይበቃም አሉ። ያን ጊዜ ስልክ አልነበረም፣ ዜና ለመድረስ ሳምንታት ይወስድበት ነበር። ዛሬ ሪያድ የታወጀው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ኪስ ይገባል፤ ችግሩም የተባባሰው በዚሁ ነው። ድሮ የአንዱ ከተማ ሰው የሌላውን ቀን የሚሰማው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነበር፤ አሁን ልዩነቱ በዋዜማው ማታ ፊት ለፊት ይታያል።

ሺዓዎች ዘንድም ልዩነት አለ። አያቶላህ አሊ ሲስታኒ ጨረቃ በባዶ ዓይን የምትታይ መሆን አለባት ሲሉ፣ አያቶላህ አሊ ኻሜኔይ በቴሌስኮፕ የታየችውም ትበቃለች ብለው ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ሰጥተዋል። የሁለቱ ተከታዮች በአንድ ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ሙሐመዲያ የተባለው ትልቅ ድርጅት በስሌት፣ ናህድላቱል ዑለማ የተባለው ሌላው ትልቅ ድርጅት በማየት ይሄዳሉ። በ2023 የመጀመሪያው ኤፕሪል 21፣ መንግሥት ደግሞ ኤፕሪል 22 ኢድን አከበሩ። አገሪቱ አልፈረሰችም። ሰው ጎረቤቱን እንኳን አደረሰህ ብሎ የራሱን ቀን ጠበቀ።

አይሁዶች ይህን መንገድ ቀድመው ሄደውበታል

ከእስልምናው ክርክር ጋር ለማነጻጸር የአይሁዶችን ታሪክ ያህል የሚጠቅም የለም። በጥንት ጊዜ እነሱም ጨረቃን የሚያውጁት በምስክር ነበር። አዲስ ጨረቃ ያዩ ሰዎች ሸንጎ ፊት ቀርበው ይመረመራሉ፣ ቃላቸው ከተገጣጠመ ወሩ ይታወጃል። ከዚያ በተራራ ጫፍ ላይ እሳት እየተለኮሰ ዜናው ከኮረብታ ኮረብታ ይሄዳል። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ እንደሚለው ተቀናቃኞች የሐሰት እሳት ማንደድ ሲጀምሩ በእሳቱ ፈንታ መልእክተኞች ተተኩ። መልእክተኛ ቶሎ የማይደርስባቸው ሩቅ አገር ያሉ አይሁዶች ላለመሳሳት በዓሉን ሁለት ቀን ያከብሩ ጀመር። ዛሬ ቀኑ በሠንጠረዥ የታወቀ ሆኖም፣ ከእስራኤል ውጭ ያሉ ብዙ ወግ አጥባቂ ማኅበረሰቦች አሁንም ሁለት ቀን ያከብራሉ።

ሚሽና ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ ነገሩን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሸንጎው አለቃ ራባን ገማልኤል አጠራጣሪ ምስክሮችን ተቀብሎ ወሩን አወጀ። ረቢ ኢያሱ የሚባል ታላቅ ሊቅ ምስክሮቹ ተሳስተዋል ከሚሉት ጋር ቆመ። በእሱ ቆጠራ የስርየት ቀን (ዮም ኪፑር) በሌላ ዕለት ይውላል ማለት ነው። ገማልኤል፣ በአንተ ቆጠራ ዮም ኪፑር በሚሆንበት ቀን በትርህንና ገንዘብህን ይዘህ ወደ እኔ ና ብሎ አዘዘው። በዚያ ቀን በትርና ገንዘብ መያዝ ክልክል ነው፤ ትእዛዙ ቀንህን በአደባባይ ሻር ማለት ነበር። ረቢ ኢያሱ ተጨነቀ፣ ባልደረቦቹን አማከረ፣ ሄደም። ገማልኤል ተነሥቶ ራሱን ሳመው፤ በጥበብ መምህሬ፣ ቃሌን በመቀበልህ ደቀ መዝሙሬ አለው። ስለ ጨረቃዋ ኢያሱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ሕዝቡ ለሁለት እንዳይከፈል ግን የተሾመው አካል ቃል ጸና።

በኋላ ሸንጎው ሲዳከም የቀን አወሳሰኑ ወደ ቋሚ ስሌት ተሸጋገረ። ትውፊቱ ይህን በአራተኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለዳግማዊ ሂሌል ይሰጠዋል። በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አዳር የሚባለው ወር ይደገማል። ሽግግሩ ግን ያለ ጠብ አልሄደም። በ922 የፍልስጤምና የባቢሎን ሊቃውንት በስሌቱ አንድ ነጥብ ላይ ተጣልተው ፋሲካን በተለያየ ቀን ያከበሩበት ጊዜ ነበር። በባቢሎን በኩል የተከራከረው የሰዓድያ ጋኦን ወገን አሸነፈ። ቃራውያን የሚባሉት አይሁዶች ደግሞ የረቢዎቹን ሠንጠረዥ አልተቀበሉም፤ ዛሬም ጨረቃን የሚያዩ፣ የዓመቱን መጀመሪያ በገብስ መብሰል የሚለዩ አሉ። የአይሁድ ስሌትም ፍጹም አይደለም። በሁለት መቶ ከምናምን ዓመት አንድ ቀን ከወቅቱ ይዘገያል። የሚያርመው የጋራ ሸንጎ ስለሌለ እንዳለ ቀጥሏል።

ፋሲካ፦ አንድ ደንብ፣ ሁለት ሠንጠረዥ

ስለ ክርስቲያኖች ፋሲካ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል፤ ቀስ ብሎ ማየት ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት በታናሽ እስያ ያሉ ክርስቲያኖች ፋሲካን ከአይሁዶች ጋር፣ ኒሳን በሚባለው የአይሁድ ወር በ14ኛው ቀን ያከብሩ ነበር፤ ቀኑ በሳምንቱ በየትኛውም ዕለት ቢውል ግድ የላቸውም። ሌሎቹ እሑድ መሆን አለበት አሉ። በ325 የኒቂያ ጉባኤ ሁሉም በአንድ እሑድ፣ የአይሁዶችን ቆጠራ ሳይጠብቁ እንዲያከብሩ ወሰነ። ኒቂያ ቀመሩን ራሱን ጽፎ ሰጠ የሚለው ግን ልክ አይደለም። ከጉባኤው በቀሩት 20 ቀኖናዎች ውስጥ የፋሲካ ቀመር የለም፤ ውሳኔው የሚታወቀው ከደብዳቤዎች ነው። ቀመሩ በኋላ ቀስ በቀስ የጸናው በእስክንድርያ ስሌት ነው። እንዲህ ይላል፦ ከማርች 21 (ቀንና ሌሊት እኩል ይሆኑበታል ተብሎ ከተያዘው ቀን) ጀምሮ የሚመጣውን የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ያዝ፣ ከእሱ በኋላ ያለው እሑድ ፋሲካ ነው።

ምሥራቁም ምዕራቡም ይህን ደንብ ይቀበላል። ልዩነቱ ማርች 21 ማለት መቼ ነው የሚለውና ሙሉ ጨረቃው ከየትኛው ሠንጠረዥ ይወጣል የሚለው ነው። የዩልዮስ አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ይቆጥራል። ከእውነተኛው ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ቀን ይሆናል። በ1582 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ የተጠራቀመውን አሥር ቀን ቆረጡ፦ ኦክቶበር 4 ሐሙስ ሆኖ በማግስቱ ኦክቶበር 15 ዓርብ ተባለ። የጨረቃው ሠንጠረዥም አብሮ ታረመ። አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን እስከ ዛሬ በዩልዮሱ ያወጣሉ። የዩልዮስ ማርች 21 ዛሬ በጎርጎርዮሱ ኤፕሪል 3 ነው፤ የሠንጠረዡ ጨረቃም ከሰማዩ ጨረቃ አራትና አምስት ቀን ዘግይቷል። ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ፋሲካዎች አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ ካልገጠሙ የምሥራቁ በአንድ፣ በአራት ወይም በአምስት ሳምንት ይዘገያል። በሁለትና በሦስት ሳምንት አይለያዩም።

ስለዚህ ምዕራቡ ሰማዩን ይከተላል፣ ምሥራቁ ተሳስቷል? እንዲህ ቀላል አይደለም። ምዕራቡም የሚሄደው በሠንጠረዥ ነው። 2019ን እንይ። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ቅጽበት ማርች 20 ነበር፣ ጨረቃ የሞላችው በጥቂት ሰዓት ልዩነት ማርች 21። በሰማዩ ቢኬድ ፋሲካ ማርች 24 በሆነ ነበር። በሠንጠረዡ ግን ሙሉ ጨረቃው ከማርች 21 ቀድሞ ስለወደቀ ምዕራቡ እስከ ኤፕሪል 21 ጠበቀ፤ ምሥራቁም በሳምንቱ ኤፕሪል 28 አከበረ። ሁለቱም ወገን ከሰማይ በላይ የተስማማበትን ወረቀት ነው የታመነው። እኔ ይህን እንደ ነውር አላየውም። ሠንጠረዥ ማለት ሩቅ ያሉ ሰዎች ሳይጠያየቁ በአንድ ቀን እንዲቆሙ የሚያደርግ ስምምነት ነው።

ሌላ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነገር አለ፦ ኦርቶዶክሶች የሚዘገዩት ከአይሁድ ፋሲካ በኋላ መሆን አለበት የሚል ቀኖና ስላለ ነው ይባላል። በርግጥ በ2024 የምዕራቡ ትንሣኤ ማርች 31 ሲውል፣ የአይሁድ ፋሲካ የገባው ኤፕሪል 22 ማታ ነበር፤ የዚያ ዓመት አቆጣጠራቸው ተጨማሪ ወር ነበረውና። የኦርቶዶክሱ ሜይ 5 ከዚያ በኋላ ሆነ። ምክንያቱ ግን የሠንጠረዡ መዘግየት ነው። የኒቂያ ሐሳብ ክርስቲያኖች የአይሁዶችን ቆጠራ እንዳይጠብቁ ነበር፤ ከመዘግየቱ የተነሣ ሁልጊዜ በኋላ ሲውል ጊዜ፣ በኋላ ሰዎች ደንብ አስመሰሉት።

ሌሎችም አሉበት

የሂንዱ በዓላት የሚቆጠሩት ቲቲ በሚባል የጨረቃ ቀን ነው። ቲቲ ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ የምትርቅበት ጊዜ ሲሆን፣ ከመደበኛው ቀን ጋር አይገጥምም፤ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በማግስቱ ማታ ሊያልቅ ይችላል። በ2024 የመብራት በዓል በሆነው በዲዋሊ ላይ የሆነው ይህ ነው። ጨረቃ የምትጠፋበት ቲቲ ኦክቶበር 31 ከሰዓት ጀምሮ ኖቬምበር 1 አመሻሽ ላይ አለቀ። ገሚሱ ሕዝብ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ገሚሱ በሁለተኛው ቀን መብራቱን አበራ። በዓሉ ዘንድ ዋናው ሌሊቱ ነው ወይስ ፀሐይ ስትወጣ ያለው ቲቲ? ክርክሩ እዚህ ላይ ነበር።

ቡድሂስቶች የቡድሃን ልደት የሚያስቡበት ቬሳክ በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ በሙሉ ጨረቃ ይውላል፤ ኮርያ ውስጥ በአራተኛው የጨረቃ ወር በስምንተኛው ቀን ነው። ጃፓን በ1873 ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስትገባ የጨረቃውን ነገር ትታ ኤፕሪል 8ን ያዘች። ይህ ብዙም አላጣላም። አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ አገር የራሱ የመነኮሳት ሥርዓት ስላለውና የሌላውን ለመምሰል ስለማይገደድ ይመስለኛል።

ማረም ለምን አዲስ ክፍፍል ይወልዳል

ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተሰብስቦ አንድ ቀን መምረጥ። ተሞክሯል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1928 ፋሲካ ከኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ በኋላ ባለው እሑድ እንዲውል ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይስማሙ መንግሥት ብቻውን ሊያስፈጽመው አልደፈረም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1963 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሌሎቹ ከተስማሙ ቋሚ እሑድ አልቃወምም ብላለች። በ1997 ሶርያ ሐለብ ላይ የተደረገ ምክክር ደግሞ የኒቂያን ደንብ ይዞ ሙሉ ጨረቃውን በሥነ ፈለክ፣ ኢየሩሳሌምን መነሻ አድርጎ እናስላ አለ። እኔ ካየኋቸው ሐሳቦች ሁሉ ይሄ ጠንካራው ነው፤ ሁለቱንም ወገን ከሠንጠረዡ ያወጣል እንጂ አንዱን ለሌላው አያንበረክክም። ተግባር ላይ ግን አልዋለም።

የሚያስፈራው ነገር ምን እንደሆነ ታሪክ ያሳያል። በ1923 ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡ ኦርቶዶክሶች፣ ሰርቢያዊው ሳይንቲስት ሚሉቲን ሚላንኮቪች ያዘጋጀውን የታረመ የዩልዮስ አቆጣጠር ተቀበሉ። የግሪክና የሮማንያ አብያተ ክርስቲያናት በ1924 ገቡበት። ሁለቱም አገር ውስጥ አሮጌውን የሙጥኝ ያሉ ምእመናን ተገንጥለው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ እስከ ዛሬ አሉ። የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የልጇን ሥራ ለአገልግሎቷ አላዋለችውም። ለውጡን ከተቀበሉትም አብዛኞቹ ፋሲካን በአሮጌው ተዉት፣ ቢያንስ በትንሣኤ እንዳንለያይ ብለው። ቀን ሲቀየር ምእመኑ የሚሰማው አባቶቼ ተሳስተዋል ተባልኩ ብሎ ነው። ይህን ስሜት የሒሳብ ትክክለኛነት አያጠፋውም።

ፖለቲካም ይገባበታል። ከሞስኮ የተለየችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሴፕቴምበር 2023 ወደ ታረመው አቆጣጠር ተሻግራ ገናን ዲሴምበር 25 አደረገች፤ መንግሥትም የገና የዕረፍት ቀኑን ከጃንዋሪ 7 አዛወረ። ከጦርነቱ በፊት ለዓመታት ሲንከባለል የቆየ ሐሳብ በጦርነቱ ጊዜ በፍጥነት አለቀ፤ ጃንዋሪ 7 ከሞስኮ ጋር የሚያከብሩት ቀን ተደርጎ ታይቶ ነበርና። ፋሲካ ግን እዚያም አልተነካም። በሕንድ ፑንጃብ በተነሣው እምነት ተከታዮች፣ በሲኮች ዘንድ ደግሞ በ2003 በፀሐይ የሚሄድ ናናክሻሂ የተባለ አቆጣጠር ወጣ፣ የራሳችን መለያ ነው ብለው ብዙዎች ደስ አላቸው፤ በ2010 አንዳንዶቹ በዓላት ወደ ጨረቃው ተመለሱ፤ ጭቅጭቁ ቀጠለ።

የተሳካ ምሳሌ የለም ማለት ግን አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢራን ውስጥ የተነሣ እምነት ተከታዮች የሆኑት ባሃኢዎች የመሥራቾቻቸውን ልደት ምሥራቅ ያሉት በጨረቃ፣ ምዕራብ ያሉት በፀሐይ ቀን ያከብሩ ነበር። በ2014 የእምነቱ የበላይ አካል፣ የዓለም የፍትሕ ቤት፣ ቴህራንን መነሻ ነጥብ አድርጎ ሁሉም በሥነ ፈለክ ሠንጠረዥ እንዲሄድ ወሰነ፤ ከማርች 2015 ጀምሮ ዓለም ሁሉ አንድ ሆነ። ለምን ቀለላቸው? ስሌታቸው ከሌላው ስለረቀቀ አይመስለኝም። ሁሉም የሚቀበለው አንድ አካል ስላላቸው ነው። ሱኒዎች፣ ኦርቶዶክሶች፣ አይሁዶችና ሂንዱዎች እንዲህ ያለ አንድ አካል የላቸውም፤ የብዙዎቹም እምነት እንዲኖር አይፈልግም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

በቅርቡ ሁሉም በአንድ ቀን ያከብራል ብዬ አልጠብቅም። የኒቂያ 1700ኛ ዓመት በታሰበበት በ2025 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስም የጋራ ፋሲካ እንዲኖር ጥሪ አቅርበዋል። ጥሪው ቅን ነው። ግን ኦርቶዶክሶቹ እርስ በርሳቸው በሌሎች ጉዳዮች በተከፋፈሉበት ጊዜ ማንም አቆጣጠር የሚያስከፍለውን ዋጋ ለመክፈል አይቸኩልም። በሙስሊሞች ዘንድም በ2016 ኢስታንቡል ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ አንድ ዓለም አቀፍ የሂጅራ (የእስልምና) አቆጣጠር ደግፏል፤ ሳዑዲ ዓረቢያና ሌሎች ግን በማየት ቀጥለዋል። የሚቀለው ክልላዊ ስምምነት ነው። ብሩናይ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር ጨረቃ ከአድማስ 3 ዲግሪ ከፍ፣ ከፀሐይ 6.4 ዲግሪ ራቅ ካለች በሚል የጋራ መለኪያ ይሠራሉ። ለሌሎች ጎረቤት አገሮችም ይህ መንገድ ይሻላል እላለሁ።

እስከዚያው ጫናው የሚያርፈው በጥቂቶች ላይ ነው። በብዙኃኑ አገር በዓሉ ዕረፍት ነው፣ ቀኑ ማታ ቢታወጅም ሁሉም አብሮ ይዘጋል። አናሳ ሆኖ የሚኖር ሙስሊም ግን ነገ እሑድ ነው ወይስ ሰኞ የሚለውን ሳያውቅ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ተማሪው ፈተና ይገጥመዋል። በስሌት እንሂድ የሚለው ድምፅ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ባሉ ማኅበረሰቦች ዘንድ የበረታው በከፊል ለዚህ ነው። አሠሪዎችና ትምህርት ቤቶች ማድረግ የሚችሉት ቀላል ነገር አለ፦ ለእነዚህ በዓላት አንድ ቀን በመወሰን ፈንታ ሁለት ሊሆኑ የሚችሉ ቀናትን ክፍት መተው፣ ሰውየው የራሱን እንዲመርጥ። የእምነቱን ክርክር የመፍታት ሥራ የእነሱ አይደለም።

ቀጣዮቹን ቀናት ከወዲሁ ማወቅ ይቻላል። ሁለቱ ፋሲካዎች በ2027 በአምስት ሳምንት ይራራቃሉ፤ ማርች 28 እና ሜይ 2። በ2028 ሁለቱም ኤፕሪል 16 ይገናኛሉ። በ2030 ረመዳን በአንድ ዓመት ሁለቴ ይገባል፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይና ዲሴምበር መጨረሻ ላይ። 2100 በዩልዮሱ 366 ቀን ያለው ዓመት ሲሆን በጎርጎርዮሱ ግን 365 ነው፤ ልዩነቱ ከ13 ወደ 14 ቀን ያድጋል። አሮጌውን አቆጣጠር ይዘው የሚቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ካሉ፣ ከ2101 ጀምሮ ገናቸው የሚውለው ጃንዋሪ 7 መሆኑ ቀርቶ ጃንዋሪ 8 ነው።